«እንብላ» ብዬ የጠራሁበት ቅዳሜ

ሰው ይመጣል ብዬ ጠብቄ አላውቅም ብላችሁ ውሸቴን ነው። ያን ቀን ጠብቄያለሁ። ያውም ወንበር አስደርድሬ፣ ጥብስ አዝዤ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ! ሳቁ፤ እኔም አሁን እስቃለሁ። ያን ቀን ግን ሳቅ የሚባል ነገር በአጠገቤ አላለፈም።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ ሜሮን ነው። ቤቴ ከራስ መኮንን ድልድይ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከፒያሳ በተረፈው ወገን ነው። የተረፈው የምለው መንገዱ ሲሰፋ ከእኛ ማዶ የነበረው ሰፈር በሙሉ ስለተነሣ ነው። አብሮ አደጎቼ፣ የእናቴ ጓደኞች፣ በየበሩ ቆመው ሰው የሚያሙት ሴትዮዎች ሳይቀሩ ስማቸውን በቅጡ ወደማላውቃቸው ኮንዶሚኒየሞች ተበተኑ። እኔ ቀረሁ። እናቴ ከዚያ በፊት አርፋለች፤ ታናሽ ወንድሜ ናቲ አግብቶ ሐዋሳ ነው። ሥራዬ ትርጉም ስለሆነ ከቤት አልወጣም። ሰነዱ በኢሜይል ይመጣል፣ በኢሜይል ይሄዳል። ድምፄን ሳልሰማ የምውልባቸው ቀናት ነበሩ።

ሁሉንም ችዬው ነበር፤ ብቻዬን መብላት ግን አቃተኝ። እናቴ ጴንጤ ነበረች፤ ማዕድ ላይ ስትጸልይ አገሩን ሁሉ አዳርሳ እስክትመለስ ወጡ ይቀዘቅዛል። እኔና ናቲ አንድ ዓይናችንን ገልጠን ወጡን እንጠብቅ ነበር። አሁን ወጡ ትኩስ ነው፤ አብሮ የሚበላው ነው የጠፋው።

እንግዲህ ከዚህ ብቸኝነት ነው ደብዳቤው የተወለደው። በየእሁዱ በኢሜይል የሚላክ፣ ፈረንጆቹ ኒውስሌተር የሚሉት ዓይነት። ስለ ሰፈሬ እጽፋለሁ፤ ስለቀረውም ስለሄደውም። አንባቢዎቼ ናቲ፣ የናቲ ሚስት፣ ጥቂት የድሮ ባልደረቦቼና በስህተት የተመዘገበ የሚመስለኝ አንድ የሲሚንቶ ነጋዴ ነበሩ። ሰው ለመጨመር ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ እለጥፋለሁ። እንዴት ያለ ማስታወቂያ መሰላችሁ! «ውድ አንባቢያን ሆይ፣ ሥነ ጽሑፍ የኅብረተሰብ መስታወት እንደመሆኑ መጠን…» እያለ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ መጨረሻው ላይ «ተመዝገቡ» ይላል። ላይክ የሚያደርጉልኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ሐዋሳ አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ።

አንድ ቀን ናቲ ደወለ።

«ሜሪዬ፣ አንቺ ስታወሪ እኮ ሰው ትገያለሽ በሳቅ። ስትጽፊ ምን ይነካሻል? የቀበሌ ማስታወቂያ እኮ ነው የሚመስለው!»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«እንደምታወሪው አጠር አድርጊውና ጻፊያ። አሁን ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምሳ ልበላ።»

«በቃ እሱን ጻፊ።»

«የኔ ምሳ ለማን ምን ያደርግለታል? ቀልደኛ!»

«እሺ ተይው። ሐዋሳ መቼ ነው የምትመጪው? ክፍሉ ባዶውን ነው ያለው» አለ፤ ወሬያችን ሁሌም የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

ስልኩን ዘግቼ፣ ንድድ ብሎኝ፣ ይኸውልህ ለማለት ያህል እንዲህ ብዬ ለጠፍኩ፦ «ምሳዬ ቀረበ። ሽሮ ነው፣ ቃሪያ አለው። ብቻዬን ነኝ። እንብላ!»

እጄን ታጥቤ ስመለስ ስልኬ እየተንቀጠቀጠ ከጠረጴዛው ሊወድቅ ደርሷል። «ብዪ የኔ ቆንጆ፣ ይመቸን!» «አሁን በላሁ እንጂ አልምርሽም ነበር።» «ቃሪያው ስንግ ነው?» «እኔ ጾም ነኝ፣ አታስጎምጂኝ።» «ሽሮው ተንተክትኳል ግን? ፎቶው የት አለ?» የማላውቀው ሰው ሁሉ ይመልስልኛል፤ እኔም ለእያንዳንዱ ስመልስ ሽሮው ቀዘቀዘ። የእናቴ ጸሎት ትዝ አለኝና ሳቅኩ።

ነገሩ ቆይቶ ነው የገባኝ። በእኛ አገር «ተመዝገቡ» ሲባል ዝም ብሎ ማለፍ ይቻላል። «እንብላ» ተብሎ ዝም ብሎ የሚያልፍ ግን ባለጌ ነው። ቢያንስ «ብሉ» ማለት አለበት። እኔ ሳላስበው ሰው ዝም ሊለኝ የማይችልበትን ቃል ነክቻለሁ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ። አንዳንዴ ምሳዬን፣ አንዳንዴ ከመስኮቴ የማየውን እጽፋለሁ። «ማዶ የነበረው የፀጉር ቤት መስታወት አንድ ፍንካች ቀርቶ ፀሐይ ይረጭብኛል። እናንተ ሰፈር ምን ተረፈ?» በቃ ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር። ሰው ይመልሳል፣ እኔ እመልሳለሁ፣ ወሬው ሲሞቅ «የቀረውን በእሁዱ ደብዳቤ አጫውታችኋለሁ» ብዬ መመዝገቢያውን አስቀምጣለሁ። በአንድ ታክሲ የሚጫኑት አንባቢዎቼ አዳራሽ የሚሞሉ ሆኑ። ናቲ «አላልኩሽም?» እያለ መኖር አስጠላኝ።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እውነቴን ነው፦ ብቸኝነቱ ባሰ። ምሳ ሲደርስ ስልኩን ከፊት ለፊቴ፣ እናቴ ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ፣ ትራስ አስደግፌ አቆመዋለሁ። እሱ እየበራ፣ እኔ እየጎረስኩ። ስልኩ ሲጨልም ቤቱ ከበፊቱ ይልቅ ጭር ይላል።

ከሚመልሱልኝ መሐል አንድ የማይቀር ሰው ነበር። ስሙን «የድልድዩ ልጅ» ብሏል፤ ፎቶው ጽጌረዳ አበባ ነው። ሌላው ሰው ይቀልዳል፣ እሱ ግን ሁልጊዜ ያው ነው፦ «ብዪ ልጄ። ይባርክልሽ። እኔም እየበላሁ ነው።»

አንድ ሰሞን ጉንፋን አጋድሞኝ ሳልጽፍ ቀረሁ። ስልኬን ስከፍት «የት ጠፋሽ?» «ምሳ የለም እንዴ ዛሬ?» «ሰላም ነሽ ግን?» የሚል መልእክት ሞልቶታል። አፌ ደርቆ ነበር። ውሃው ያለው ከአልጋዬ ማዶ ነው። ያ ሁሉ ሰው እየጠየቀኝ አንዲት ብርጭቆ ውሃ የሚያቀብለኝ አልነበረም። ያኔ አለቀስኩ፤ አሞኝ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ብሞክርም ያስለቀሰኝ ሕመሙ አልነበረም።

ለናቲ ነገርኩት። «በቃ ነይ» አለ። ከዚህ በፊት እንደሚለው አልነበረም፤ ድምፁ ተለውጧል። «ስልክ ጋር እየበላሽ እስከመቼ?»

«ቅዳሜ ምሳ አንባቢዎቼን እጠራለሁ» አልኩት። «በእውን። ምግብ ቤት። አንድ ሰው እንኳ ከመጣ እቆያለሁ። ማንም ካልመጣ ደብዳቤውንም ዘግቼ፣ ቤቱንም አስረክቤ እመጣለሁ።»

«ቃል?»

«ቃል።»

እናም ጻፍኩ፦ «ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ፒያሳ።» የምግብ ቤቱን ስምና መታጠፊያውን አስቀመጥኩ። «ጥብስ አዛለሁ። ይሄኛው የእውነት ነው። እንብላ!»

እንደዚያ ቀን ሰው መልሶልኝ አያውቅም። «ብዪ! ይመቸን!» «እመጣለሁ፣ እንዳትጨርሺው!» «የኔን ጉርሻ አስቀምጪልኝ።» «ከነቤተሰቤ ነው የምመጣው፣ ትሪ አስጨምሪ።» ደረቴ ሞቀ። የድልድዩ ልጅ ብቻ ምንም አልጻፈም። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ትንሽ ቅር አለኝ።

ቅዳሜ ቀድሜ ደረስኩ። አስተናጋጇ ትዕግሥት ትባላለች፤ ሁለት ጠረጴዛ ገጥማ ዙሪያውን ወንበር ደረደረችልኝ። «ልደት ነው እህቴ?» አለችኝ። «አይ፣ ወዳጆቼ ናቸው» አልኳት። ወዳጆቼ ስል አፌ ላይ ጣፈጠኝ። ሰው ሲገባ ጥብሱ ትኩስ እንዲሆን ብዬ አስቀድሜ አዘዝኩ።

ስድስት ተኩል ሆነ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ፈገግ እላለሁ፤ የገባው ሰው ዞር ብሎ ከኋላው ያየና ወደ ሌላ ጠረጴዛ ይሄዳል። የአበሻ ቀጠሮ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሰባት ሰዓት ሆነ። ጥብሱ መጣ። ምግብ ቤቱ በቅዳሜ ሰው ጢም አለ።

«ይቅርታ፣ ሰው አለው?» አለኝ አንዱ፣ ወንበሬን ይዞ።

«አዎ፣ እየመጡ ነው።»

ሌላዋ መጣች። «ሰው አለው?»

«አለው።»

ከዚያ አንድ አባት ልጁን አቅፎ መጣና «እህት፣ አንዷን ብቻ» አለኝ። እንዴት እምቢ ልበል? ሰጠሁት። አንድ ከሄደ በኋላ የቀሩት ተከታተሉ። «ሰው አለው?» «ሰው አለው?» መጀመሪያ ቃል አወጣ ነበር፣ በኋላ በእጄ ብቻ «ውሰዱት» እላለሁ። ትዕግሥት መጥታ የተገጠመውን ሁለተኛ ጠረጴዛ ይዛ ስትሄድ ዓይኔን ላለማየት ጎንበስ ብላ ነበር። እግዜር ይስጣት።

ስልኬ ግን አላረፈም! «እንዴት ነው ጥብሱ?» «ፎቶ ላኪ እንጂ!» «ዝናብ ያዘኝ እንጂ መምጣቴ ነበር፣ በኔ ስም ጉረሺ።» «ስንት ሰው መጣ?» የሚጠይቁኝ ሁሉ የሌሎቹን መምጣት ነው። እያንዳንዱ ሌሎቹ መጥተዋል ብሎ አስቦ ነበር። ስልኩን ገለበጥኩት። እንባዬ እንዳይወርድ ጣራውን ማየት ጀመርኩ። ለናቲ ምን ብዬ እንደምጽፍ፣ የእናቴን ቁምሳጥን ለማን እንደምሰጥ እያሰብኩ ነበር።

ከኔ ሌላ የቀረው አንድ ወንበር ነው።

«ሰው አለው?» አለ አንድ የሽማግሌ ድምፅ።

«የለውም፣ ይውሰዱት» አልኩ ቀና ሳልል።

ወንበሩ ግን አልሄደም። ጎተት ተደረገና ሰው ተቀመጠበት። ቀና ስል አንድ ሽማግሌ፣ ግራጫ ጃኬታቸው ትከሻው ላይ በዝናብ የራሰ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ።

«ሜሮን ነሽ አይደል?»

«ነኝ… ማን ልበል?»

«እንብላ ብለሽ ጠርተሽኝ የለም እንዴ? የድልድዩ ልጅ ነኝ» አሉና ራሳቸው ሳቁ። «ልጅ ስልሽ እንግዲህ…»

ብድግ አልኩ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ብድግ አልኩ። «ውይ ጋሼ! ውይ በሞቴ! ይኸው ዝናቡ… ትዕግሥት! ትዕግሥት፣ ጥብሱን አሙቂልኝ!»

«አታስቸግሪያት ልጄ። በልቻለሁ።»

በልቻለሁ! ይህን ቃል ማን ያምናል? እኔ ራሴ በረሃብ አንጀቴ ተጣብቆ ስንቴ ብዬዋለሁ። ጥብሱ እንደገና እየጨሰ መጣ፤ እኔም ያን ሁሉ ሰው ላጎርስበት ያጠራቀምኩትን ጉልበት በሙሉ አንድ ጉርሻ ላይ አዋልኩት። ጠቀለልኩ፣ ከጠረጴዛው ተሻግሬ ወደ አፋቸው አስጠጋሁ።

«በልቻለሁ ስልሽ፣ በአላህ…»

«በሞቴ! አንዲት ብቻ! እጄን አያሳፍሩኝ!»

ወደ ኋላ ለጠጥ አሉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ በጣም ቀስ ብለው፣ እንዳያስደነግጡኝ እንደፈሩ ሁሉ «ልጄ፣ ስሜ ኑሪ ነው» አሉኝ።

እጄ አየር ላይ ቀረ። ከነጉርሻው! እስላም ክርስቲያን ያረደውን እንደማይበላ፣ ክርስቲያንም እስላም ያረደውን እንደማይበላ የማያውቅ ሰው ፒያሳ አልተወለደም። ሠርግ ቢሆን ለሁለት ነው የሚታረደው። እኔ ግን አገር ምድሩን «እንብላ» ብዬ ጠርቼ ያዘዝኩት አንድ ዓይነት ጥብስ ነው። ሰው ስጠራ ሰው አልታየኝም ነበር ማለት ነው፤ የታየኝ የሚበራ ስልክ ነው። ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ፤ ያውም በቅባት እጄ።

«ጋሽ ኑሪ፣ እኔን አፈር! ይቅር ይበሉኝ!»

«ምን አጠፋሽና? ስሜን አልነገርኩሽ። እዚህ ቤት ሽሮ የለም እንዴ? እኔ እኮ የማውቀው ያንቺን ሽሮ ነው» አሉና ወደ ትዕግሥት ዞሩ። «እናቴ፣ ሽሮ በዘይት፣ ቃሪያ ይኑረው። እሷ ያለ ቃሪያ አትበላም።»

ያኔ ዘረገፍኩት፤ እንባዬን ማለቴ ነው። ያለ ቃሪያ እንደማልበላ የሚያውቅ ሰው በዚህች ከተማ ቀርቷል ብዬ አላስብም ነበር።

ጥብሱን ትዕግሥት አነሣችልኝ፤ ሽሮው መጣ፤ ከአንድ ትሪ በላን። ጋሽ ኑሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የክርና የቁልፍ ሱቅ ነበራቸው። ሱቁ ተነሣ፣ ሚስታቸው ሞቱባቸው፣ አሁን ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ልጃቸው ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። ወደ እኔ የመጡት ሁለት ታክሲ ቀይረው፣ አውቶቡስ ተሰልፈው ነው።

«ጋሽ ኑሪ፣ ሌሎቹ ለምን ቀሩ?» አልኳቸው። «ያ ሁሉ እመጣለሁ ያለው ሰው!»

«እንዴ! እንብላ ሲባል ማን ይመጣል? ብላ ይባላል፣ ይታለፋል። ወጉ ነዋ። ሰዎቹ አልዋሹሽም።»

«ታዲያ እርስዎ ለምን መጡ?»

«ማንም እንደማይመጣ ስለማውቅ!» አሉ፤ ሌላ ምን ምክንያት ሊኖር እንደሚችል የገረማቸው ይመስላሉ። ቁራሻቸውን አስቀመጡ። «ዕድሜዬን ሙሉ ምሳዬን ሱቄ በር ላይ በላሁ። ላለፈው ሁሉ እንብላ እላለሁ። ብላ ኑሪ፣ ይባርክልህ ኑሪ፣ እያለ ያልፋል። አንድም ሰው ገብቶ አያውቅም። ምነው ዛሬ አንዱ በገባ የምልበት ቀን ነበር። ባለቤቴ የሞተች ሰሞን ደግሞ በየቀኑ ነበር። ማንም አልገባም። በማንም አልፈርድም፣ እኔም አልፌያለሁ። ያን ጽሑፍሽን ሳይ ግን፣ ይቺ ልጅ ወንበር ይዛ ትጠብቃለች አልኩ።»

ሽሮውን ወደ እሳቸው ጠጋ አደረግኩ።

«አሁን ደግሞ እዚያ ኮንዶሚኒየሙ ሰው በበሬ አያልፍም» አሉ። «እንብላ የምለው አጣሁ። ልጄ ይህን ስልክ ሰጠኝ፣ አንቺን አገኘሁ። ምሳዬን አቀርብና እስክትጽፊ እጠብቃለሁ። እኔም እየበላሁ ነው የምልሽ እውነቴን ነው። የጠፋሽ ሰሞን ምሳዬ እየቀዘቀዘ ልጄ ማታ ሲገባ ተቆጣኝ።»

ያ ሁሉ ጊዜ፣ ስልኩ በእናቴ ወንበር ላይ ቆሞ ሳለ፣ ከማዶው አንድ ሰው ትሪውን አቅርቦ እጁን ሰብስቦ ይጠብቀኝ ነበር። እኔ ብቻዬን እበላለሁ ብዬ አለቅስ ነበር።

ከመነሣታቸው በፊት ጠቀለሉና ወደ አፌ አስጠጉ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ማንም አጉርሶኝ አያውቅም። ቃሪያው አቃጠለኝ፤ ለእንባዬም ምክንያት ሆነኝ። እስከ ታክሲው ሸኘኋቸው፤ በመስኮት እጃቸውን አወጡልኝ፤ ታክሲው በሰው መሐል ጠፋ። እኔም ያለሰው ወደ ቤቴ ወረድኩ። ቤቱ ያው ባዶ ነበር፤ አልዋሻችሁም። ትራሱን ከእናቴ ወንበር ላይ አነሣሁና አልጋዬ ላይ መለስኩት።

ማታ ናቲ ደወለ። «ስንት ሰው መጣ?»

«አንድ።»

«አንድ ብቻ? ከዚያ ሁሉ?»

«አንድ አልን አይደል?»

«ክፍሉን ታዲያ አከራየዋለሁ» ብሎ ሳቀ፤ ድምፁ ግን ትንሽ ተሰብሯል።

ይኸው ፒያሳ ነኝ። እናንተም በየጊዜው «አንባቢ እንዴት አበዛሽ? ምስጢሩን ንገሪን» ትሉኛላችሁ። ምስጢር የለውም፤ አጠር አድርጋችሁ፣ እንደምታወሩት ጻፉ፤ ሰው ዝም ሊላችሁ የማይችለውን ነገር ጠይቁ፤ ለመለሰላችሁም መልሱ። ይሠራል። አዳራሹ ይሞላል። ግን በአዳራሹ ውስጥ ማን ስጋ እንደማይበላላችሁ፣ የማን ምሳ እየቀዘቀዘ እንደሆነ ካላወቃችሁ፣ እንደኔ ጥብስ አዝዛችሁ ጣራ ማየት ነው ትርፉ። እኔ አሁን ደብዳቤውን ስጽፍ ለአዳራሹ አልጽፍም፤ ለሚጠብቁኝ ለአንድ ሰው ነው የምጽፈው። በየወሩ አንድ ቅዳሜ እንገናኛለን፤ አንዴ እሳቸው ይመጣሉ፣ አንዴ እኔ እሄዳለሁ። ሽሮ ነው ሁሌም።

ብቸኝነቱስ ለቀቀሽ ወይ ብትሉኝ፣ አለቀቀኝም። ባለፈው ግን በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል ሳልፍ፣ አንድ የቀበቶ ነጋዴ ዕቃውን መሬት ዘርግቶ፣ ከዕቃው ጀርባ ሣጥን ላይ ሳህን አስቀምጦ ይበላ ነበር። ጎኑ ሌላ ባዶ ሣጥን አለ።

«እንብላ» አለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

«ብላ፣ ይባርክልህ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እግሬም አልፎ ነበር። ተመለስኩ።

«ሽሮ ነው?» አልኩት።

ጉርሻው እጁ ላይ እንዳለ ቀና ብሎ አየኝ፤ ቀበቶ የምገዛ መስሎት ነበር። «ሽሮ ነው» አለ ግራ ገብቶት።

«እጄን የት ልታጠብ?»

ቶሎ ብሎ ተነሣና ባዶውን ሣጥን በክንዱ ጠረግ ጠረግ አደረገው፤ የውሃ ጠርሙሱንም ለእጄ መክፈት ጀመረ።